ዘጠና ስምንት ከመቶ

ጥቅምት 6 ቀን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

አዎ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አይ፣ አልከሳሁም። ብርድ ልብሱም ይበቃኛል፤ ሁለተኛውን አትላክ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ታንኮራፋለች ወይ ላልከኝ፣ የምታንኮራፊው አንቺ ነሽ ትለኛለች።

ይህን ሁሉ ጥያቄ ስልክ ብታነሳ እኮ በሁለት ደቂቃ እንጨርሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ደውዬ አንድ ቀን አላነሳህልኝም። በስልክ የተነገረን ነፋስ ይወስደዋል፣ ደብዳቤ ግን ደጋግመው ያነቡታል ብለሃል። እሺ፣ አልከራከርህም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ጸድቆልኛል። ስለ ምንድን ነው ላልከኝ በቀላሉ ልንገርህ። ሰው ከባድ መከራ ሲደርስበት ይጎዳል፤ ይህን ማንም ያውቃል። አንዳንዱ ሰው ግን ከጉዳቱ ጎን ለጎን የሚያገኘውም ነገር አለ። ወዳጆቹን ይበልጥ ይወዳል፣ ትንሹ ነገር ደስ ይለዋል፣ አልችለውም ያለውን መቻሉን ያያል። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም፤ የሆነውም ሁልጊዜ አይሆንም። ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን ነው የማጠናው።

የናንተ የልብስ ማጠቢያ ቤት አደጋ ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን የምትይዘው የእንፋሎት ቦይለር ድምፅ መለወጡን ሰምተህ «ወደ ጋሪዎቹ» ብለህ ባትጮህ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ቦይለሩ ፈንድቶ ጣሪያው ሲወርድ አሥራ ሁለታችሁም እርጥብ አንሶላ የተጫነባቸው ጋሪዎች ሥር ሰባት ሰዓት ቆይታችሁ በሕይወት ወጥታችኋል። ስለዚህ አሥራ ሁለት መጠይቅ ልኬልሃለሁ። ሃያ ሃያ ጥያቄ አላቸው። ምንም ካልተለወጠ ዜሮ፣ በጣም ከተለወጠ አምስት ነው የሚሞላው። ስም አይጻፍም፤ ሥራ ብቻ ይጻፋል። <u>እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይሙላው።</u>

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተሟላልኝ ዓመቱ ይቃጠልብኛል። እንዲህ ያለ ነገር አብረው ያሳለፉ ሌሎች አሥራ ሁለት ሰዎች ከየትም አላመጣም። አሥራ ሁለተኛው አንተ እንደሆንክ እንዳትረሳ።

እህትህ

ጥቅምት 19 ቀን

ለዛሬዋ ተማሪ ለነገዋ ዶክተር፣ ለውድ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ተነሥቶ መንገድ ላይ ሳያድር ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጤናዬም ደህና ነው። ሥራዬም ደህና ነው። በፊተኛው ደብዳቤሽ ጤናህስ ብለሽ ሁለት ጊዜ ስለጠየቅሽኝ ነው ሁለት ጊዜ የመለስኩት።

እዚያው ላይ ቦይለሩ ጋ ለምን አልተመለስክም ላልሽኝ፣ ሥራ አስኪያጁ አዲሱን እንድይዝለት ለምኖኝ ነበር። ነገር ግን እንደኔ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ከፊት፣ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ሆኖ ተገኘ። እዚያም ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ሥርዓት አስገብቻለሁ። ልብስ የሚያመጣ ደንበኛ ሁሉ ምን እንዳመጣ፣ እድፉ የምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወስደው በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። የቃል ነገር ቀረ። አንድ ሽማግሌ «እንደምን አደርክ» ብለው ጽፈው ሰጥተውኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው። ሥራ አስኪያጁ ዘመናዊ አሠራር ነው ብሎ ለሌላው ቅርንጫፍም አስተላልፎታል።

ስለ ጥናትሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩ። እናታችን «ሳይደግስ አይጣላም» ብላ በሁለት ቃል የጨረሰችውን ነገር አንቺ አራት ዓመት ፈጀሽበት። አልነቅፍሽም፤ እሷ ዲግሪ አልሰጧትም።

አደራሽን ተቀብያለሁ። ለብቻ የሚለውን ስላሰመርሽበት በደንብ ገብቶኛል፤ ዝግጅቱም ተጀምሯል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሃያ ጊዜ አምስት መቶ ነው። ከመቶ ስንት ሲመጣ ነው የሚታለፈው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 28 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ከመቶ ስንት ሲመጣ ነው የሚታለፈው የምትለዋን አብራኝ ለምትኖረዋ አነበብኩላትና እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ቀልድህ እንዳልጠፋ ሳይ ደስ አለኝ።

ለቀልድህ በቀልድ ልመልስልህ። እኔ እስካሁን ባየሁት ወረቀት ከዘጠና በላይ ያመጣ ሰው የለም።

አትቸኩሉ፤ በደንብ አስበው ይሙሉት። ያንተንም ላክልኝ። ፈተና አለብኝና እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ

ኅዳር 22 ቀን

ውድ እህቴ፣

እነሆ አሥራ አንድ ወረቀት። ከመክፈትሽ በፊት ቁጭ በይ።

ዘጠና ስምንት ያመጡት እትዬ ካውያ ናቸው። የካውያ ክፍሉን ሠላሳ ዓመት የመሩት፣ አንድ ጊዜ እዚህ መጥተሽ ሳለ ቀሚስሽን ከላይሽ ላይ ሳያወልቁ የተኮሱልሽ ሴትዮ። ሁለቷን ነጥብ የተዉት ትዕቢት እንዳይመስልባቸው ብለው ነው። የሌሊት ዘበኛው ዘጠና ስድስት ነው። አጣቢዎቹና አጣፊዎቹ ከዘጠና አልወረዱም።

አንድ ነገር ግን አሳፍሮኛል። ሹፌሩ ሰባ አንድ ነው። ያልጣርኩ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ ለምኜዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ግትርነቱ ብቻ ነው።

የኔን ለምን እንዳልላክሁ ትጠይቂኛለሽ። ብዕሬ ቀለም ጨርሷል። በሚቀጥለው አብሬ እልካለሁ።

እንዴት እዚህ ውጤት ላይ እንደደረስን ስትመረቂ አጫውትሻለሁ። አሁን ልብሽ እንዳይከፈል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 5 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

አልተቆጣሁም ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ተቆጥቻለሁ።

አማካሪዬ አስጠሩኝ። አሥራ አንዱን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን ናቸው ወይስ አስጠኚ አላቸው?» አሉኝ። ተከራከርኩላችሁ፤ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም አልኳቸው። ማስታወሻ የሚጻፍበትን ቦታ አሳዩኝ። ከሹፌሩ በቀር ሁሉም «ከአደጋው ወዲህ የጠዋት ፀሐይ እንኳ ከበፊቱ ይበልጥ ታበራልኛለች» ብለው ጽፈዋል። ቀኑን ሙሉ የሚተኛው የሌሊት ዘበኛ ሳይቀር። እትዬ ካውያ ደግሞ ከአሥራ አራተኛው ጥያቄ ጎን «ይህን ስንለማመድ ቀርቼ ነበር፤ አምስት ይሁን» ብለዋል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጥናቱ ዋጋ የለውም ተባልኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ የቀረኝ ሃያ አምስት ቀን ነው።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። እኔም ወንድም ሆንክብኝ። አሁን ምንም ሳትሸሽግ ሁሉንም ጻፍልኝ፤ ነገርን ከሥሩ።

እህትህ

ታኅሣሥ 12 ቀን

ለተቆጣሽው እህቴ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። በመካከሉም ይቅርታ አለ፤ መጨረሻው ላይም አስቀምጫለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዳልል ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታግያለሁ።

ለብቻ ይሙላው ብለሻል። ፈተናም ለብቻ ነው የሚሠራው፤ የሚጠናው ግን በኅብረት ነው። አንቺስ አሥረኛ ክፍል ሳለሽ ስድስት ልጅ እቤት ሰብስበሽ አልነበረም ወይ የምታጠኚው? ወረቀቱን ሳየው ቁጥር አለው፣ ከላይ የትምህርት ቤት ማኅተም አለው። ነጥባችን ካነሰ የምትወድቂው አንቺ መሰልሽኝ። ከዘጠና በላይ ያመጣ የለም ስትይኝማ፣ እኛ ከማን እናንሳለን አልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ ማጠፊያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ እኔ ከራስጌው እቀመጣለሁ። በግራና በቀኜ ሁለት አግዳሚ አለ። ሰዎቹ እንኳን ለትምህርቱ ለአቀማመጡም አይታዘዙ። አሥራ አንዱም በግራው አግዳሚ ላይ ተደራርበው፣ የቀኙ ባዶውን ይቀራል። አንድ ቀን አግዳሚው ተሰብሮ ሁለተኛ መጠይቅ ታመጪብናለሽ፣ ሰፋ ብላችሁ ተቀመጡ እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ጥሩ ሄደ። እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ እነሱ በአንድ ድምፅ «አምስት» ይላሉ። የፀሐይዋን ነገር ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ አምሮብኝ ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ ሹፌሩ አበላሸው። «ከቤተሰቤ ጋር ይበልጥ ተቀራርቤያለሁ» የሚለው ጋ ስንደርስ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አምስት በል አልኩት።

«እንዴት አድርጌ አምስት እላለሁ?» አለ። «የእናቴ ቤት ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃፏ ላይ ቆሜ ነው የምጠይቃት። እቸኩላለሁ እላታለሁ። እንድታምነኝ ብዬ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ካውያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ በቀን ሁለት መቶ አንሶላ እተኩሳለሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንዱንም ለብሼ አላውቅም። ፊቴን ሲነካኝ ትንፋሼ ይቆማል። ባለቤቴ ሙቀት ነው ብሎ በክረምት መስኮት ይከፍትልኛል። እሱ በጉንፋን አለቀ፣ እኔ ደግሞ እውነቱን መንገር አፈርኩ» አሉ። ያኔ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው፤ ኋላ ላይ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ልምምድ መሆኑ ቀረ። ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያን ቀን ማን ይበልጥ እንደፈራ ይፎካከራሉ። ዘበኛው እኔ ነኝ የፈራሁት ሲል አጣፊዋ ተቆጥታ እኔ ነኝ ትለዋለች። ሊበተኑ አሥር ደቂቃ ሲቀር ግን «በሉ አሁን ደግሞ ለልጅቷ እንሥራ» ይሉና አምስት አምስታቸውን ያጠናሉ። ከዚህ የበለጠ እንዲወዱሽ ምን ላድርግ?

ወረቀቱን ከላክሁ በኋላ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም መጡ። ምን ፈለጋችሁ ብላቸው «ልንለማመድ» አሉኝ። ሹፌሩ ባለፈው እሑድ የመኪናውን ሞተር አጥፍቷል። እቤት አልገባም፤ ግን ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ ከእናቱ ጋር ተቀመጠ። ይህን የሰማን ቀን አጨበጨብንለት።

ለአማካሪሽም ጽፌያለሁ። ልጅቷ አታውቅም፣ ቅጣት ካለ በኔ ይሁን አልኳቸው። ኮት ካላቸው ይላኩና በነፃ እናጥባለን ብያለሁ። ጉቦ እንዳይመስል ከፈሩ ግማሽ ዋጋ ይክፈሉ።

አንተስ ሐሙስ ሐሙስ ምን ተናገርክ እንዳትይኝ። አስተማሪ አይፈተንም።

እነሆ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ይቅርታ። ዓመትሽን አቃጥዬ ከሆነ ይህን ለራሴ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። እናታችን አደራ ብላ የሰጠችኝ አንቺን ብቻ ነው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 18 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

አማካሪዬ ደብዳቤህን ሲያነቡ የኮቱ ነገር ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው አይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸውን መልሰው አኮሳተሩና «ጥፋት ጥፋት ነው» አሉኝ። አሥራ አንዱ ወረቀት ለጥናቱ አይገባም። እናንተ ግን አልተባረራችሁም። በመጪው ሐሙስ ራሳቸው አዲስ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም እፊታቸው ራቅ ራቅ ብሎ ይሞላል፤ ዜሮም ይሁን አምስት እውነቱን ብቻ። አምስት ያላገኘ ሰው የወደቀ እንዳልሆነ፣ የሐሙሱ ጨዋታችሁም ራሱን ችሎ በጥናቱ ውስጥ በግልጽ እንደሚጻፍ ንገራቸው። ሹፌሩን በተለይ ሳምልኝ። ከሁሉም ወረቀት እውነተኛው የሱ ነበር።

አሥራ ሁለት ወረቀት ካልሆነ ግን አይቀበሉም። አንድ ከጎደለ ዓመቴ ተቃጠለ ማለት ነው። አስተማሪ አይፈተንም የሚለው አይሠራም። ብዕሬ ቀለም ጨርሷል የሚለውም አይሠራም፤ ያን ደብዳቤ በምን ጻፍከው?

ንዴቴ ሲበርድልኝ የዚህን ዓመት ደብዳቤዎችህን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። እውነትህን ነው፣ ደብዳቤ ደጋግመው ያነቡታል። አንድ ሰው አልሸሹም ዞር አሉ ሲሆን በሁለተኛው ንባብ ይታያል። ስልኩን አየሁ፣ ባንኮኒውን አየሁ፣ «የቃል ነገር ቀረ» ያልከውን አየሁ። እኔ ለዚህ የተማርኩ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላየው በመቅረቴ ተቆጥቼ የነበረውን ያህል አፍሬያለሁ።

በፖስታው ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች። እንደ ደንበኞችህ ጽፌ ሰጥቼሃለሁ። መልሷን ለጥናቱ አልፈልጋትም፤ ለራሴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልክ ያሳደግከኝ አንተ ነህ።

እህትህ

ታኅሣሥ 26 ቀን

እታለም፣

ብጣሿን ወረቀት አራት ቀን በኪሴ ይዣት ዞርኩ። መልሱ አዎ ነው። ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሰማም።

ጨርሶ ዝም አላለም። ውስጡ እንፋሎት እንደሚያመልጥ ቫልቭ ቀንም ሌትም ሽ ይላል። የቦይለር ሠራተኛ በመለኪያ ብቻ አይሠራም። መለኪያው ደህና ነኝ እያለ ቦይለሩ ድምፁን ይለውጣል፤ የዚያን ቀንም የሆነው ይኸው ነው። እነዚያን ሰዎች ያዳነው ይህ ጆሮ ነው ይላሉ። ታዲያ ጠፍቷል ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አዲሱን ቦይለር ይዤ አንድ ቀን ድምፁን ሳልሰማው ብቀርስ? ለዚህ ነው ባንኮኒ ላይ የወጣሁት። ለሥራ አስኪያጁ ወገቤን ያመኛል አልኩት፤ ላንቺ ደግሞ ከፊት ነው የማስፈልገው አልኩሽ። ስልኩን ግራ ላይ ባደርገው ይሰማል፤ ግን አንድ ቀን ቃል ያመልጠኝና ትደርሽብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ካወቅሽ ትምህርትሽን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ።

ሐሙስ አማካሪሽ መጡ። ኮቱንም ይዘው ነው የመጡት፤ ኋላ ላይ ሙሉ ዋጋ ከፈሉ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ብጣሿ ላይ አድርጌ አቀርቅሬ ተቀምጫለሁ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ግራው አግዳሚ ላይ ተጣበዋል። አማካሪሽ እንግዳ ናቸውና ባዶውን አግዳሚ አይተው በቀኜ ተቀመጡ። ሰላምታ ሰጥተውኛል፣ ስላንቺ ብዙ ነገር ብለውኛል፣ ጥያቄም ጠይቀውኛል አሉ። እኔ ወደ በሩ እያየሁ «ምነው እንግዳችን ዘገዩ?» አልኩ።

ይኼኔ አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ «በግራ በኩል!» ብለው ጮኹባቸው። ሐሙስ ሐሙስ «አምስት» ሲሉ እንኳ እንዲህ አላማረባቸውም።

«ታውቁ ነበር?» አልኳቸው።

እትዬ ካውያ «ተደራርበን የምንቀመጠው አግዳሚው ሞቆን መሰለህ?» አሉኝ። «ብጣሽ ወረቀቱን የጀመርክ ሰሞን ነው የገባን። ሥርዓት አስገባሁ ብለህ ደስ ሲልህ ማን ያፍርስብህ? አንዳንድ ደንበኛ አልጽፍም ሲል ሹፌሩ ነው ውጭ ይዞ የሚያጽፈው።»

ሌላውን ሰው ሁሉ ሳስጠና፣ ለካ እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ በዝምታ ሲያስታምሙኝ ነበር። ቀና ብዬ ማንንም ማየት አቃተኝ። ሹፌሩ ወረቀቱን ከፊቴ አስቀምጦ ብዕር ሰጠኝና «ቀለም አለው» አለኝ።

ራቅ ራቅ ብለን ሞላን። አሥራ ሁለቱንም አማካሪሽ በእጃቸው ይዘው ሄደዋል፤ ዓመትሽ አልተቃጠለም። እትዬ ካውያ አርባ ሦስት ነው ያመጣሁት ብለው ኮርተዋል፤ ለባለቤታቸውም ነግረው መስኮቱ ተዘግቷል። የኔ ሠላሳ አራት ነው። «ከበፊቱ ይበልጥ ጠንካራ ነኝ» የሚለው ላይ አንድ ሞላሁ፤ ያቺን አንዷንም ያገኘኋት ያን ዕለት ነው። ማስታወሻው ላይ «ፀሐይዋ እንደ ድሮዋ ናት» ብዬ ጻፍኩ። «በችግሬ ጊዜ በሰው ልተማመን እንደምችል አውቄያለሁ» የሚለው ጋ መጀመሪያ ዜሮ ጽፌ ነበር። ሰርዤ አምስት አደረግሁት። ይህችን ማንም አላስጠናኝም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ደውይልኝ። ረዘም አድርገሽ ደውይ። አንስቼ ድምፄን ካጠፋሁብሽ አትዝጊው፤ ጆሮ እየቀየርኩ ነው።

ወንድምሽ